ሳልከፍት የፈረምኩበት ሞተር

ሞተሩን ሳልከፍት ነው የፈረምኩት። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረውን በቅጡ ማውራት አልችልም።

የምኖረው ሚዛን-አማን ውስጥ፣ በአማን በኩል ነው። ሞተር ብስክሌት እጠግናለሁ። ሙያውን የተማርኩት ጅማ ሲሆን ወደዚህ ስመጣ ለአንድ ክረምት ብዬ ነበር፤ እንደመጣሁ ቀረሁ። ሰው ወደ ጋራዤ የሚመጣው ለጆሮዬ ብሎ ነው። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ እደግፍና "ቫልቮላው ነው" ወይም "የውስጥ ሰንሰለቱ ላልቷል" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ እሆናለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ መሆን ሰውን እንደሚያበላሽ ያወቅኩት ግን ባለፈው ክረምት ነው።

ከጋራዤ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴ፣ ስድስት ሞተሮች አስመጡ። ለገጠር መንገድ የተሠሩ፣ ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ጥርሳም። የነዳጅ መያዣው፣ ሰልባትዮው ላይ የተለጠፈው ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ነበር። የግብርናና የጤና ሠራተኞቹን ገጠር ለገጠር የሚያሰማራ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስቱንም ወሰዳቸው። በሳጥን ተበትነው ስለመጡ ጎማቸውን፣ መሪያቸውን፣ ባትሪያቸውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ራሱ ግን ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ዘይት ሞልቼ አስነሳሁ፣ አዳመጥኩ፣ አስረከብኩ።

እንዲህ ዓይነቶቹን ሞተሮች አውቃቸዋለሁ። የጎን ሽፋናቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ይለያያል እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው። አንዱ ፋብሪካ ሞተሩን ይሠራል፤ ሌላው ይገዛና አካል አልብሶት የራሱን ስም ይለጥፍበታል። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም። ስማቸው ከማይታወቅ ሞተሮች መካከል ቡና ተጭኖባቸው፣ ጭቃ ውስጥ ዓመታት የኖሩ አሉ። አንዳንዱ ደግሞ በወሩ ያልቅለታል። ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው።

ከስድስቱ አንዱ የደረሰው የቡና ባለሙያ ለሆነ ወጣት ነበር። የቴፒ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የበላው። አንድ ቀን ሞተሩን ጋራዤ በር ላይ አቁሞ ገበያውን ዞሮ ተመለሰና አናገረኝ።

"ጋሼ፣ ከላይ በኩል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ሲሞቅ ነው የሚመጣው።"

አስነሳሁት፤ ካቻቪቴዬን አሳርፌ አዳመጥኩ። ሞተሩ ቆሞ ስለዋለ ቀዝቅዟል። ምንም አልሰማሁም።

"አዲስ ሞተር ነው። ይለምዳል" አልኩት።

"ሲሞቅ ነው እኮ የሚጮኸው። ትንሽ ነድተውት ቢያዩት…"

"ይለምዳል አልኩህ።"

አመስግኖኝ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በሩጫ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ተያዘ። የኋላ ጎማው አብሮ ቆመ፤ ልጁ ተወረወረ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያለፈ አይሱዙ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰዎች የወደቀውን ሞተር በፒካፕ ጭነው መጡ። ቸኩለዋል፤ ዝናብ ይመጣል ብለው የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፉም።

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ አለቃቸው።

የማስነሻውን ፔዳል ረገጥኩት፤ አልወርድም አለ። "ያለ ዘይት ተነድቶ ነው የሚሆነው" አልኩ።

የዘይት መለኪያዋን መዝዤ እንኳ አላየሁም። እንዲህ የተያዘ ሞተር ስንትና ስንት አይቻለሁ፤ ሁሉም ዘይት አልቆባቸው ነበር። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ምክንያት ለራሴ ያመንኩት ዘግይቼ ነው፤ ጥፋቱ የልጁ ካልሆነ፣ ወይ የገጠምኩት የእኔ፣ ወይ የሸጡት የሐጂ ሊሆን ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። "በአሽከርካሪው ቸልተኝነት" ይላል። የፒካፑን ኮፈን ተደግፌ ፈረምኩ።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ሐጂ እኔ ዘንድ ከቀረው ከወደቀው ሞተር ደህና ደህናው ዕቃ ተፈትቶ ይቀመጥ አሉኝ። ጠዋት ቡና እንኳ ሳልጠጣ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳፋ ከሥር አድርጌ የዘይቱን ቡሎን ፈታሁ። የሚወጣው የተቃጠለ ጥቁር ዝቃጭ ጠብታ መስሎኝ ነበር። ዘይቱ ወረደ፤ አሁንም ወረደ። ልኩን የጠበቀ፣ ገና ቀለሙ ያልጠቆረ ዘይት ነበር። ሳፋውን አየሁት። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሳበቃ መልሼ እጠርግ ነበር።

ከዚያ የሞተሩን ራስ፣ እኛ ቴስታታ የምንለውን፣ አነሳሁ። ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ የተቀመጠበት ቦታ ደርቆ፣ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ዘይት ከታች ወደዚያ የሚወጣበት እንደ እስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ ቀዳዳ አለ። በኮምፕሬሰር አየር ነፋሁበት፤ አላልፍ አለ። ሞተሩን ከጎማው ከሚያለያየው ከፍሪስዮን አሮጌ ገመድ አንዲት ክር መዝዤ ገፋሁበት። በሌላኛው በኩል ግራጫ ነገር ተሰባብሮ መዳፌ ላይ ወደቀ። በጣቴ አሸሁት፤ አሸዋ ነው። ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ አለበት።

የዚህ አገር አሸዋ አይደለም። ጅማ ሳለሁ ብረት የሚቀልጥበት ቤት አይቻለሁ፤ የሞተር ራስ ሲሠራ የቀለጠው አሉሚኒየም በአሸዋ ቅርፅ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ሲረጋ አሸዋው ይራገፋል፤ ከዚያ ቀዳዳው ይበሳል፣ ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል። ያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቀዳዳ ሳይነፋ አሳልፎታል። ልጁ ዘይቱን ሞልቶ ሲነዳ ዘይቱ ከታች ተቀምጦ፣ የሞተሩ ራስ በደረቁ ሲቃጠል ነበር። ያ ቀጭን ድምፅ ብረት በደረቁ ብረት ሲፍቅ ነው።

ወዲያው የቀሩት አምስቱ ትዝ አሉኝ።

ሐጂ ሱቅ በሩጫ ገባሁ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸውና የሆነውን በሁለት ቃል ነገርኳቸው። ብዙ አልጠየቁም፤ ስልካቸውን አንስተው ሞተር ለወሰዱት በየተራ ደወሉ። አራቱ ተገኙ፤ "አትንዱ፣ እየገፋችሁ አምጡ" አሏቸው። የአምስተኛዋ ስልክ አይሠራም። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ደወሉ።

"በጠዋት ክትባት ይዛ ወጥታለች" አሏቸው ዘበኛው። "ከሸኮ ወዲያ ወዳለው ጫካ ነው የሄደችው። እዚያ ኔትወርክ የለም።"

መንገዱን አውቀዋለሁ። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በቡና ጫካ ውስጥ ይሄድና ወደ ወንዙ የሚጥለው ቁልቁለት ላይ ይደርሳል። በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ አፈር፣ በሌላው በኩል ገደል። ልጁ ሜዳ ላይ ተይዞበት እግሩ ተሰበረ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጭቃ ውስጥ የኋላ ጎማ ቢቆም…

የራሴን አሮጌ ሞተር አስነስቼ ወጣሁ።

እስከ ሸኮ ድረስ ከምን ጋር እንደተላለፍኩ አላስታውስም። ከዋናው መንገድ ስገነጠል ዝናቡ ጀመረ። የጥርሳም ጎማ ዱካ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ውሃ ገና አልሞላውም። ርቃ አልሄደችም ማለት ነው። ሁለቴ ወደቅኩ። በሁለተኛው የፍሬኑ እጀታ ተጣመመ፤ በጉልበቴ ደግፌ አቀናሁት።

ኮረሪማ በጆንያ የተሸከመ ገበሬ አገኘሁ። አማርኛው ትንሽ ነው፤ እኔም ሸኮኛ አልችልም።

"ሲስተር አየህ? በሞተር?"

"አለፈች። አሁን።" በእጁ ወደ ታች አሳየኝ። ከዚያ ያልጠየቅኩትን ጨመረልኝ። "ሞተር ያለቅሳል።"

"እንዴት ነው የሚያለቅሰው?"

ጆንያውን ሳያወርድ ከንፈሩን አሹሎ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ድምፅ አሰማኝ፤ እናቱን ያጣ ጫጩት ዓይነት። እኔ በካቻቪቴ ያልሰማሁትን እሱ ከመንገድ ዳር ሰምቶታል።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ ሞተሬን አጠፋሁ። ከታች፣ ከዛፎቹ ሥር፣ የእሷ ሞተር ይሰማል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በላዩ ያ ጩኸት አለ፤ ልክ ገበሬው እንዳለው። ልጣራ አፌን ስከፍት ድምፁ ጠፋ። እየደከመ አይደለም የጠፋው፤ እንደተበጠሰ ክር ነው። ከዚያ የሚሰማው ዝናቡ ቅጠል ላይ ሲወርድና የወንዙ ውሃ ብቻ ሆነ።

ሞተሬን እዚያው ጥዬ በእግሬ ወረድኩ። ግማሹን በቂጤ ተንሸራትቻለሁ። "ሲስተር" እያልኩ እጣራለሁ፤ መልስ የለም። ኩርባውን ስዞር የገደሉን ጫፍ ነው ቀድሜ ያየሁት። ከዚያ አየኋት። በአፈሩ በኩል ቆማለች። ሞተሩን ግንቡ ላይ አስደግፋ የክትባቱን ሳጥን ማሰሪያ እየመረመረች ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

"ጋሼ? እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ተጎዳሽ?"

"አልተጎዳሁም። ሞተሩ ተይዞ ነው።"

የኋላ ጎማውን በእጄ ገፋ አድርጌ አየሁት። "እንዴት ሳትወድቂ ቀረሽ?"

"ፍሪስዮኑን ጨብጬው ነበር፤ ከአፋፉ ጀምሮ። ጎማው በራሱ ነበር የሚወርደው፤ ሞተሩ ሲያዝ ጎማውን አላቆመውም።" ማሰሪያውን አጥብቃ ቀና አለች። "የቡና ባለሙያውን ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ይያዛል፤ ድምፁን ከሰማሽ ፍሪስዮኑን ይዘሽ ውረጂ አለኝ።"

"ድምፁን ከሰማሽ ለምን አልቆምሽም?"

"ወንዙ ጋ ደርሼ ልተወው፣ ከዚያ በእግሬ ልሻገር ብዬ ነው። እናቶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። በረዶውም ከቀለጠ ክትባቱ ከንቱ ነው።" ዓይኗን ከሞተሩ ላይ ሳታነሳ "ለእርስዎም ነግሮዎት እንደነበር አጫውቶኛል" አለችኝ።

ሳጥኑን ፈትቼ ተሸከምኩላት።

የተያዘውን ሞተር አንድ ገበሬ ግቢ፣ እንሰት ሥር፣ አደራ ብለን አቆምነው። የእኔን ከአፋፉ አውርጄ ከኋላ ጫንኳትና ወንዙን ተሻገርን። ውሃው እስከ ሞተሩ ወገብ መጣ። ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ልጅ ያቀፉ ሴቶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም ለምን ዘገየሽ አላሏትም። እሷ እጇን ታጥባ ሥራዋን ስትጀምር እኔ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥኩ። ሕፃናቱ በየተራ ሲያለቅሱ እሰማ ነበር።

ስንመለስ ወንዙን እንደተሻገርን ነገርኳት። "ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሞተሩን ሳልከፍት።"

"አውቃለሁ" አለችኝ ከኋላዬ። "ግልባጩ ለእሱም ደርሶታል። ለእኔ አይንገሩኝ ጋሼ። ለእሱ ይንገሩት።"

አማን ስንደርስ አራቱ ሞተሮች ጋራዤ በር ላይ ተደርድረዋል። ሐጂ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሲስተር ደህና መሆኗን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ፊርማዬን ከወረቀቱ ላነሳ ነው ሐጂ" አልኳቸው።

"ብታነሳው ጥፋቱ ወደ እኔ ነው የሚዞረው። አመጣህ የሚባለው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ አናግሬዋለሁ። እኛ አካሉን ነው የምንገጥመው፣ ሞተሩ ታሽጎ ነው የሚመጣልን አለኝ። ሞተሩን የሠራውስ ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ለብዙ ስም የሚሠራ ፋብሪካ ነው አለ። ማንን ልያዝ?" መዳፋቸውን ዘረጉ። "እስቲ ያንን አሸዋ ደግመህ አሳየኝ።"

በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ የከተትኩትን ፈትቼ ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው እያሹ ቆዩ። "ነፋ ቢያደርገው ምን ይጎዳው ነበር" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ሞተሮቹ ዞሩ። "ስድስቱንም የሸጥኩት እኔ ነኝ። በል ሥራ።"

መፈተሻው ቀላል ነው። በሞተሩ ራስ ላይ ዘይቱ የሚደርስባትን ቡሎን ጥቂት ማላላትና ሞተሩን ማስነሳት። ዘይት ከመጣ ደህና ነው። የመጀመሪያውን አስነሳሁ፤ ጠበቅን፤ ምንም። ቶሎ አጠፋሁት። ሁለተኛው ዘግይቶ አንዲት ጠብታ አሳየ፤ ሌላ አልመጣም። ሦስተኛው ደረቅ። አራተኛው ላይ ዘይቱ ወዲያው በሞተሩ ጎን ኩልል ብሎ ወረደ። ያችን ሞተር አየሁና ከሌሎቹ የሚለያትን ምልክት ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። አንድም የለም። ይህ ፍተሻ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ስገጥማቸው ላደርገው እችል ነበር፤ ልጁ ስለ ድምፁ ሲነግረኝም።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አለቅየው ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣ።

"ፈርመሃል እኮ።"

"ፊርማዬን ላነሳ ነው የመጣሁት።"

"ያኔ ዋሽተኸናል ማለት ነው?"

"ሳላይ ነው የተናገርኩት። ከውሸት አይሻልም።"

ፋይሉን ዘጋ። "ይህን ጻፍና ፈርምበት" ብሎ ባዶ ወረቀት ገፋልኝ። ጻፍኩ። የዚያ መሥሪያ ቤት ሞተሮች ከዚያ ወዲህ ወደ ጋራዤ አልመጡም፤ እነሱን አልወቅስም።

ከዚያ ሆስፒታል ገባሁ። የልጁ እግር በጄሶ ተጠቅልሎ ከፍ ብሏል። ወንበር ስቤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘይቱን፣ አሸዋውን፣ ፊርማውን። እየሰማኝ ጣራውን ነበር የሚያየው።

"ዘይቱን ሰኞ ሰኞ አይ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"አሁን አውቄያለሁ።"

"አባቴ ከቴፒ መጥቶ ነበር። ለምን ዘይት አላየህም አለኝ። አይ ነበር ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም።" ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "የድሮ ሞተሩን የሚሠሩለት እርስዎ ነበሩ፤ ስለዚህ እርስዎን አመነ። ተቆጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።"

ይቅርታ ለማለት ነበር የሄድኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። እሱን ግን ያሳሰበው ይህ አልነበረም። "ለአባቴ ይንገሩልኝ" አለኝ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በዚያው ሳምንት ቴፒ ሄድኩ። አባትየው በቴፒው ትልቅ የቡና እርሻ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሰው ናቸው፤ አሁን በጓሯቸው ጎደሬ ይተክላሉ። ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው "ግባ፣ ግባ" አሉኝ። ሳልገባ በረንዳው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ቁጭ ካልኩ የማልናገር መስሎኝ ነበር። ከመሐል አላቋረጡኝም። ስጨርስ መቆፈሪያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ዘይት ነበረው?" አሉኝ።

"ነበረው። ልኩን የጠበቀ።"

"ማለልኝ እኮ" አሉ። "በእናቱ ማለልኝ።" እጃቸው ላይ ያለውን አፈር እያራገፉ ብዙ ቆዩ። ወደ ውስጥ ገብተው ኮታቸውን ደርበው ወጡና ወደ ሚዛን የሚሄድ መኪና አሁን ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አብረን ወደ መናኸሪያው ሄድን። መኪናው ሲመጣ ከእኔ ርቀው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

ልጁ ዳነ፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። በዚያ ወረቀት ምክንያት መሥሪያ ቤቱ የጣለበት ቅጣት ተነሥቶለት ወደ ሥራው ተመልሷል። ሐጂ ሦስቱን ዝግ ሞተሮች በራሳቸው ኪሳራ አስጠረጉ፤ የሁለቱን የተቃጠሉትን ራስ ለመቀየር አሁንም ከአስመጪው ጋር ይጨቃጨቃሉ። ሲስተር ያንኑ የጫካ መንገድ ትመላለሳለች። እኔ አዲስ ሞተር ሲመጣልኝ ቡሎኗን ሳላላላና ዘይቱን በዓይኔ ሳላይ አላስረክብም፤ ደንበኞቼ ዘገየህ ይሉኛል።

የቡና ባለሙያውን አንዳንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ቆሞ ሰላም ይለኛል፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። አዲስ ሞተር ተሰጥቶታል። የሚያሠራው ግን ሌላ ሰው ጋ ነው።